ታርጋዬን የፈታችው ሳጅን

ይህን ለሚስቴም ለነፍስ አባቴም ተናግሬ አላውቅም። ለእናንተ የምናገረው ፊታችሁን ስለማላይ ይሆናል። ፈሪ ነኝ፤ መጀመሪያ ይህን እወቁልኝ።

ከኮተቤ መገናኛ ሚኒባስ እነዳለሁ፤ ያን ጊዜም እነዳ ነበር። መገናኛ ላይ ሳጅን አስቴር የምትባል ትራፊክ ፖሊስ ነበረች፤ የመኪና ድምፅ ብቻ ሰምታ በሽታውን የምታውቅ። አንድ ጠዋት ሞልቼ ስደርስ አስቆመችኝ። ፍሬኔ ሲያፏጭ ሰምታለች። ነገ አሠራዋለሁ ብዬ ለመንኳት፣ ማልኩላት። እሷ ግን ተሳፋሪዎቹን አስወርዳ፣ መፍቻዋን ከኪሷ አውጥታ ታርጋዬን ፈታችው። ሹፌሩ ሁሉ ያየኝ ነበር። በጓደኞቹ ፊት ታርጋው የተፈታበት ሹፌር ሱሪው የወለቀበት ያህል ያፍራል።

መኪናውን አስጎትቼ ጋራዥ ወሰድኩት። መካኒኩ ጎማውን አውልቆ አሳየኝ፤ የፍሬኑ ሸራ አልቆ ብረት ከብረት ይፋጫል። አንድ ቁልቁለት ብጨምር ኖሮ ሰው እጨርስ እንደነበር ነገረኝ። ልብ በሉ፣ ይህን ሰምቻለሁ። ሰምቼም በማግስቱ ትራፊክ ፖሊስ ቢሮ ሄጄ በጥፊ መታችኝ ብዬ ከሰስኳት። እኔ ዋሸሁ። ሁለት ጓደኞቼንም በውሸት አስመሰከርኩ። ምን አድርጋኝ ነበር?

አለቆቿ በዚህ ክስ ከመገናኛ አንስተው የካ ሚካኤል አካባቢ፣ ቁልቁለቱ ግርጌ ያለ የእግረኛ ማቋረጫ ላይ መደቧት። ከሳምንታት በኋላ በዚያ ሳልፍ አስቆመችኝ። ስለ ክሱ ልታነሳብኝ መስሎኝ ነበር። በመስኮቱ ጎንበስ አለችና፣

«ወንድሜ፣ ፍሬኑን አሠራኸው?» አለችኝ።

አዎ አልኳት። ተመስገን ብላ አሳለፈችኝ። ይቅርታ ለመጠየቅ ከዚያ የተሻለ ሰዓት ነበረ? ማርሽ አስገብቼ ነዳሁ።

በዚያው ዓመት ድንጋይ የጫነ ገልባጭ መኪና ቁልቁለቱ ላይ ፍሬን በጠሰ። ተማሪዎች እየተሻገሩ ነበር። ፊሽካዋን እየነፋች አንዱን ገፍታ፣ አንዱን ጎትታ ሁሉንም አሻገረች። እሷ አልተሻገረችም።

ቀብሯ ላይ ስንሰቀሰቅ ያዩኝ እናቷ ወዳጇ መስዬአቸው አንገቴን አቅፈው አለቀሱ። እኔም ወዳጇ አይደለሁም ሳልል ታቀፍኩ። ውሸትና ስንቅ እያደር ይቀላል ይላሉ። የእኔ እያደር ከበደ። ባልከሳት ኖሮ ያን ቀን እዚያ ትቆም ነበር? እዚያ ያቆማት የእኔ ምላስ ነው።

ግን ብታምኑኝም ባታምኑኝም፣ እሷን ሳስብ ከሁሉ በፊት የሚመጣብኝ ምስጋና ነው። ያን ጠዋት እያጉረመረመች ከመኪናዬ የወረደች አንዲት ተማሪ ዛሬ አስተማሪ ሆናለች፤ አሁንም ከኮተቤ ትሳፈርብኛለች። በመስታወቱ ሳያት በሆዴ ሳጅንዬ እግዜር ይስጥሽ እላለሁ። ማታ ልጆቼን የማቅፍበት እጅ የሰው ደም ያልነካው በእሷ ነው።

ያ የክስ ወረቀት ግን ዛሬም ከስሟ ጋር ተቀምጧል። ነገ መጀመሪያ እናቷ ዘንድ፣ ከዚያ ወደ ከሰስኩበት ቢሮ እሄዳለሁ። ይቅር በሉኝ የምለው እሳቸውን ነው። እናንተ ይህን ብቻ ያዙልኝ፦ ሳጅን አስቴር አልመታችኝም።