ብርድ የመታው ፒያኖ

ያልጠረጠረ ተመነጠረ ይላሉ፤ እኔ ጠርጥሬም ተመንጥሬ አውቃለሁ። ስለዚህ አንዲት ጡረታ የወጡ መምህርት ደብረ ብርሃን ቤታቸው ውስጥ ያን ጥቁር የኤሌክትሪክ ፒያኖ ገልጠው ሲያሳዩኝ መጀመሪያ ያየሁት ፒያኖውን ሳይሆን የእሳቸውን ዓይን ነው። ዋጋው በጣም ረክሷል። ደህና ዕቃ ያለ ምክንያት አይረክስም።

«ለምን ይሸጡታል?» አልኳቸው።

«ጣቴን ቁርጥማት ያዘኝ፣ ልጄ።»

አንዱን ቁልፍ ተጫንኩት፤ ከበደኝ። የሠርግ ኪቦርድ ተጫዋች ነኝ፤ ዕድሜዬን ሙሉ የለመድኩት ነካ ሲያደርጉት የሚጮህ ቁልፍ ነው። ይሄ እንደ ሰነፍ በሬ ካልገፉት አይሄድም። ቁርጥማቱ ከየት እንደመጣ ገባኝ አልኩ በሆዴ።

«ክብደቱ ሆን ተብሎ ነው» አሉኝ ፊቴን አይተው። «የእውነተኛውን ፒያኖ ቁልፍ እንዲመስል ነው።»

እንዴታ! የትኛው ሻጭ ነው ጉድለቱን ሆን ተብሎ ነው የማይል?

ጉድና ጅራት ከወደ ኋላ ነውና ዞሬ ጀርባውን አየሁ። የፍላሽ መሰኪያ ፈለግኩ፤ የለም። ከበሮ የሚመረጥበት ቁልፍ ፈለግኩ፤ እሱም የለም። የጆሮ ማዳመጫ መሰኪያ ግን ሁለት አለው። ሁለተኛው ለማን ነው? ለሰላይ?

ቢሆንም ገዛሁት፤ ምርጫ አልነበረኝም። የድሮው ኪቦርዴ ዎርክስቴሽን የሚሉት ነበር። ከበሮውን፣ ቤዙን፣ ማሲንቆውን ሁሉ በሆዱ ይዞ የሚዞር፣ ዘፈኑን በፍላሽ ከሰጡት ብቻውን ሠርግ የሚያስጨፍር። መብራት ጠፍቶ ሲመለስ ኃይሉ በዝቶበት ተቃጠለ። የታናሽ እህቴ ሠርግ ደግሞ ሁለት ሳምንት ነበር የቀረው።

የሠርጉ ጣጣ አባቴ ናቸው። አንኮበር መሪጌታ ናቸው፤ ጆሯቸው ከዜማ ላይ የፀጉር ስንጣቂ ታህል ስህተት አያሳልፍም። ከጥቂት ዓመታት በፊት በአጎቴ ልጅ ሠርግ ላይ ስጫወት አንድ ሽማግሌ ጠላ ዘረጉልኝ። ከታላቅ እጅ በአንድ እጅ መቀበል ነውር ነው። ብድግ ብዬ በሁለት እጄ ተቀበልኩ።

ዘፈኑ ቀጠለ። ከበሮው ብቻ ቢሆን ምን ነበረበት፤ ጣቴ ያወጣዋል የተባለው ዜማ ራሱ አንድም ሳይጎድል ቀጠለ። ሁሉም ከፍላሽ ነበራ! አባቴ እጄን አዩ፣ ሳጥኑን አዩ፣ መቋሚያቸውን አንስተው ከዳሱ ወጡ። «የሚዘፍነው ሳጥኑ ነው፤ ልጄ ዘበኛው ነው» አሉ ይባላል። ከዚያ ወዲህ ስለ ሥራዬ አንድ ቀን ጠይቀውኝ አያውቁም። እኔም ደፍሬ አልነገርኳቸውም።

አሁን እህቴ ደወለችልኝ። «አባባ ያ ሳጥን ከመጣ ዳሱ ውስጥ አልቀመጥም ብለዋል። አንተ ሳትጫወት ደግሞ ሠርጌ ሠርግ አይደለም። እንደምንም አድርገው በናትህ» ብላ አለቀሰች።

ፒያኖውን ቤት አስገብቼ ቁልፎቹን ደጋግሜ ብሞክር ያው ናቸው፤ ከባድ። መምህርቷ ቤት ያለውን ቅዝቃዜ አስታወስኩና ምስጢሩ ተገለጠልኝ። ብርድ መቶታል! የደብረ ብርሃን ብርድ ሰውን ካንቀጠቀጠ ዕቃውንማ እንዴት ይምረዋል? በሱፍ ብርድ ልብስ ጠቅልዬ ሁለት ቀን አስተኛሁት።

ባለቤቴ በሩ ላይ ቆማ አየችኝ። «አራስ ነው እንዴ? ገንፎ ላገንፋለት?»

በሦስተኛው ቀን ገለጥኩት። አልዳነም። እንግዲያው መምህርቷ እውነታቸውን ነበር ማለት ነው፤ ይህን ማመን ከብርዱ በላይ አናደደኝ። ተቀምጬ መታሁ። ሳባብለው በሹክሹክታ ይመልሳል፤ ስቆጣው ይቆጣል። በፍላሹ ዘመን ብናደድም ባንቀላፋም ድምፁ ያው ነበር። እዚህ ግን ጣቴ የሰነፈበት ሁሉ ይሰማል፤ መደበቂያ የለም።

ባለቤቴ በሁለተኛው መሰኪያ የራሷን ማዳመጫ ሰክታ አጠገቤ ተቀመጠች። ሰላይዋ እሷ ነበረች ለካ! አዳመጠች፣ አዳመጠችና «እጅህ ይፈራል» አለችኝ። ተቆጣሁ። እውነቷን ስለነበር ግን እስከ ሠርጉ ዋዜማ በየቀኑ ከጎኔ አስቀምጫት ተለማመድኩ።

የሠርጉ ቀን አንኮበር ጉም ለብሳ ነበር። አባቴ የዳሱ በር አጠገብ ተቀመጡ፤ መቋሚያቸው ጉልበታቸው ላይ፣ ለመሄድ እንደተሰናዳ ሰው። ዓይናቸው ከእጄ አልተነቀለም። እህቴ በቬሎዋ ውስጥ ሆና አንዴ እሳቸውን፣ አንዴ እኔን ታያለች። ከበሮውን የሰፈር ሴቶች ያዙ። እኔም ጀመርኩ። መጀመሪያ ላይ ጣቴ ከከበሮው ወደ ኋላ ቀረ፤ ከዚያ ከበሮው ያዘኝ።

ሙሽሮቹ መሀል ገብተው ሲጨፍሩ መብራት ድርግም አለ። አለቀልኝ አልኩ። ድሮ ቢሆን ያ ዎርክስቴሽን እስኪነቃ ሙሽራ ታረጅ ነበር። መብራቱ ወዲያው ተመለሰ፤ ፒያኖውን አበራሁት፤ ሴቶቹ ሁለት ጊዜ ከበሮ ሳይመቱ ነቃ። ከዘፈኑ ገባሁ። አባቴ ግን ያኔ ተነሡ።

የሚሄዱ መሰለኝ። እህቴም መሰላት፤ ፊቷ ጠቆረ። እሳቸው ግን ከአሳላፊው አንድ ብርጭቆ ጠላ ተቀብለው በጭፈራው መሀል ቀጥታ ወደ እኔ መጡ። ጠላውን ዘረጉልኝ።

ገባኝ። ፈተና ነው። ብድግ አልኩና በሁለት እጄ ተቀበልኩ።

ዜማው ቀጥ አለ። ዳሱ ውስጥ የቀረው የሴቶቹ ከበሮ ብቻ ነበር፤ እሱም ግራ ተጋብቶ ቀስ በቀስ ተወ። አባቴ ዝምታውን ጆሯቸውን ዘንበል አድርገው አዳመጡት።

«ለካ አንተ ነህ» አሉ።

ደስታዬን ልውጠው አልቻልኩም፤ ዓይኔ እንባ ሞላ። እሳቸው ግን አልጨረሱም።

«ያኔስ? ያኔ ማን ነበር?»

ማስተባበያ እንደማይጠፋኝ ታውቁኛላችሁ፤ ይህን ጊዜ ግን እውነቱን አወጣሁ።

«ሳጥኑ ነበር፣ አባባ።»

ራሳቸውን ነቀነቁ። ከጎኔ የነበረውን ባዶ ወንበር ስበው ተቀመጡበት፤ መቋሚያቸውንም ከፒያኖው ጋር አስደገፉ።

«በል ጠጣና ቀጥል» አሉኝ። «እህትህ ቆማ ትጠብቅሃለች።»