ጎባ ያስጻፍኩት የክርስትና ስም

የሮቤ ጎረቤቴ ደጀኔ ክርክር አይሰለቸውም። «ክፉ ሰው ገሃነም ገብቶ ለዘላለም አይቃጠልም፤ እንደ ሲናና የስንዴ ገለባ ነዶ አመድ ይሆንና ያበቃለታል» ይላል።

«ተው፣ ይሄ አፍህ ያስፈርድብሃል» ስለው ሳቀብኝ።

«አንተ ደግሞ ሳትሞት ተቃጠልክ!»

እኔ ግን ለነፍሱ ፈራሁ። በማግስቱ ቆርጬ ተነሳሁ፤ በሚኒባስ ጎባ ሄጄ የሁለታችንንም የንስሐ አባት አገኘኋቸው።

«አባ፣ ደጀኔን፣ በክርስትና ስሙ ወልደ ሚካኤልን፣ በጸሎት ያስቡልኝ። በክርክሩ ምክንያት ገሃነም እንዳይገባብኝ።»

አባ ስሙን ሊጽፉ ከኪሳቸው ወረቀት አወጡና ፈገግ አሉ።

«ያንተም ስም እዚህ አለ።»

«የእኔ? ማን አስጻፈው?»

«ወልደ ሚካኤል ነዋ! ባለፈው እሁድ መጥቶ ‹ጓደኛዬ ገሃነምን ፈርቶ እንቅልፍ አጥቷልና ጸልዩለት› ብሎኝ ሄደ።»