በጠርሙሱ ላይ የነበረው ረጅም ቃል

ጣሊያን ገና ደብረ ማርቆስን ሳይለቅ፣ በጥይት የቆሰለ እግሬን ይዤ ደብረ ኤልያስ አቅራቢያ በእናቴ ቤት ተኝቼ ነበር። ቁስሉ መሽተት ጀምሯል። አብሮኝ የዘመተ ጓደኛዬ ከእንግሊዞች ሰፈር አንድ ጠርሙስ መድኃኒት አመጣልኝ። የተለጠፈበትን ጽሑፍ የሚያነብ ስላልነበረ እናቴ የቅኔ መምህሬን አስጠራች። የኔታ ቀድሞ ኢየሩሳሌምን ሊሳለሙ ሄደው ታመው እንግሊዞች ሆስፒታል ስለከረሙ ቋንቋውን ትንሽ ትንሽ ያውቁ ነበር።

ጠርሙሱን ወደ በሩ ብርሃን ይዘው፣ በጣታቸው ጉልበታቸውን እየመቱ አነበቡ።

«ዲስ፣ ኢን፣ ፌክ፣ ታንት። ለአፍ አራት ነው። ለምስጢር ግን ሦስት።» እንደ ግእዝ ግስ ገነጣጠሉት። «ዋናው ኢንፌክት ነው፤ መመረዝ ማለት ነው፣ ሆስፒታል ጠዋት ማታ ስሰማው የከረምሁት። ፊት ያለው ዲስ ባዕድ ነው፤ ያፈርሰዋል። ኋላ ያለው አንት አድራጊውን ያመጣል። እንግዲህ መርዝ አጥፊ!»

ሕመሜን ረስቼ ፈገግ አልሁ። ጉባኤ ቤት ግስ ሲያስረዱንም ፊታቸው እንዲሁ ይበራ ነበር።

እናቴ ግን ኩባያ አቅርባ መቅዳት ጀምራለች።

«ምን ልታደርጊ ነው?»

«ላጠጣው ነዋ፣ የኔታ! መርዝ ያጠፋል አላሉም? ጠበልም ቢሆን ግማሹ ይጠጣል፣ በግማሹ ይታጠቡበታል።»

የኔታ ኩባያውን በመዳፋቸው ከደኑት። «ቃሉ ምን እንደሚያጠፋ ነገረኝ እንጂ ይጠጣ አላለኝም። የሰጠው ሰው ይጠየቅ።»

ሁላችንም ወደ ጓደኛዬ ዞርን። አንገቱን ደፋ።

«እንግሊዙማ ብዙ ተናግሮ ነበር።»

«ገባህ?»

«እንግዳ ሰው አላሳፍርም ብዬ ራሴን ነቀነቅሁለት።»

«ጨዋ ልጅ!» አሉት የኔታ። «በል አሁን አስተርጓሚ ፈልገህ፣ እንዳልገባህ ንገረው።»

ጓደኛዬ በበቅሎ ሄደ። የኔታ ግን ከቤታችን አልወጡም። የተቀዳውን ወደ ጠርሙሱ መልሰው፣ ጠርሙሱን ጉያቸው ሥር አድርገው፣ በአንድ ዓይናቸው እናቴን እየጠበቁ ዳዊት ደገሙ።

ዘጠኝ ሰዓት ገደማ ላብ አጥምቆት ተመለሰ። «በውሃ አቅጥኖ ቁስሉን ማጠብ ብቻ! ይጠጣል ወይ ብዬ ብጠይቀው እንዴት እንደጮኸብኝ! አንጀቱን ይበላዋል አለ።»

እናቴ ባለችበት ቁጭ አለች። ከዚያ የየኔታን ጉልበት ይዛ ማልቀስ ጀመረች።

«ተነሺ እንጂ» አሏት፤ «ውሃ አፍዪ።»

ያን ቀን ስታጥበኝ ጩኸቴ ጎረቤት ሰበሰበ። በሳምንቱ ሽታው ጠፋ፤ እግሬም ተረፈልኝ።