ኮላ የነካው ቀበቶ

አናጺውን የሥራ ባልደረቦቹ «ውሃ ልክ» ይሉታል። መሣሪያ ሳያስጠጋ፣ በዓይኑ ብቻ የበር መዝመም ስለሚያውቅ ነው። ከአምስት ወር ወዲህ ግን ይህን ስም ሲሰማ ያፍራል።

ነገሩ የጀመረው ከወገቡ ነው። ቁም ሣጥን ከፎቅ ሲያወርዱ ከታች የያዘው እሱ ነበርና ወገቡ ቀጭ አለ። ሐኪሙ «ይድናል፣ ግን ጊዜ ይፈልጋል። ከባድ ነገር አታንሳ፣ ቀን ቀን የወገብ መደገፊያ ቀበቶ አታውልቅ» አለው። ቀበቶውን የገዛችው ሚስቱ ናት። ሰፋ ቢልበት ቁጭ ብላ በእጇ አጠበበችለት።

ከዚያ ወዲያ የቤቱ ሸክም ሁሉ ወደ እሷ ዞረ። እሷም ብትሆን የመሥሪያ ቤት ወለል ስትወለውል ነው የምትውለው። እንደዚያ ደክማ መጥታ የውሃ ጀሪካን ሦስት ፎቅ ታወጣለች፣ የአራት ዓመት ልጃቸውንም ታዝላለች። ልጅቷ አባቷ ሲገባ እጇን ዘርግታ «እቀፈኝ» ማለት ትታለች። ለአሻንጉሊቷ «ዝም በይ፣ የአባዬን ወገብ ያመዋል» ስትል አንድ ቀን ሰምቷታል።

ሥራ ቦታ ግን እሱ ሌላ ሰው ነበር። ከእሱ በፊት አንድ እንጨት ሠራተኛ ጣቱን ተጎድቶ «ሲሻልህ ና» ተብሎ ሄደ። ሲሻለው ቢመጣ ቦታው በሌላ ተይዟል። አናጺው ይህን አይቷል። ስለዚህ ጠዋት ጠዋት ከወርክሾፑ ጀርባ ቀበቶውን ፈቶ መሣሪያ ሣጥኑ ውስጥ ይደብቃል፣ ጥርሱን ነክሶ በር ሲሸከም ይውላል፣ ሊወጣ ሲል መልሶ ይታጠቃል። የቤት ቀጋ የውጭ አልጋ የተባለው ለእሱ ሳይሆን አይቀርም።

ወገቡም እንዴት ይዳን። ሚስቱ ሐኪሙን ማማት ጀመረች። ቀጥሎ ራሷን። «ምናልባት ስሰፋው አጥብቄው ይሆን?» አለችና ተርትራ እንደገና ሰፋችው። እሱ አጠገቧ ተቀምጦ መርፌዋን ሲያይ ነበር።

አንድ ቅዳሜ በር ገጥሞ ሲመለስ የወርክሾፑን ቫርኒሽ ቀቢ ወንበር ሲያጣብቅ አገኘው። አራቱን እግሮች ኮላው እስኪይዝ አንድ ላይ ያሰራቸው በዚያው ቀበቶ ነው።

«ምን አድርገህ ነው?»

«ምን ላድርግ ጋሼ፣ ገመድ አለቀ። ይሄ ደግሞ ሣጥንህ ውስጥ ሥራ ፈቶ ተኝቷል። ሲያጠብቅ እንዴት ያምራል! ለመሆኑ የማን ነው፣ የበቅሎ?»

ሰዉ ሳቀ። እሱም አብሮ ሳቀ። ኮላው ሲይዝ ቀበቶውን ላጠና በመሮ ፋቀው። ኮላው ግን ሙሉ በሙሉ አልለቀቀም።

እሑድ ሚስቱ ልብስ ስታጥብ ጠራችው።

«አንተ! ይሄ ምንድን ነው?»

«ኮላ ነዋ። ሥራ ላይ ይነካል።»

«ከውስጥ በኩል? ገላህን በሚነካው በኩል?»

ቀበቶውን ገልብጣ አሳየችው።

«አራት ቦታ ነው የደረቀው። የወንበር እግር ይመስላል። ያንተ ወገብ ስንት እግር ነው ያለው?»

መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠው በወደደ። ሁሉንም ዘረገፈላት። ትጮሃለች ብሎ ጠብቆ ነበር። አልጮኸችም። «እኔ እኮ ተርትሬ ሰፋሁት» አለች፣ ይኸው ብቻ። ባዶውን ጀሪካን አንስታ ውሃ ልትቀዳ ወረደች። ሞልታ ስትመለስ ደረጃው ላይ ሊቀበላት እጁን ዘረጋ።

«ተው፣ ወገብህን!» አለችው።

ከልማድ ነው ያመለጣት። ከስድብ ሁሉ የባሰው ግን ይኼ ሆነበት።

ሰኞ ጠዋት ከወርክሾፑ ጀርባ አልዞረም። ቀበቶውን ከሸሚዙ በላይ ታጥቆ በፊት ለፊት ገባ።

«ምንድን ነው ትጥቁ፣ ዘመቻ ልትሄድ ነው?» አለው አለቃው።

ነገረው። ቀበቶውን መደበቁን ሳይቀር ነገረው። አለቃው ቀረብ ብሎ ቀበቶውን አየው።

«አምስት ወር ሙሉ በር አሸክሜሃለሁ። አንድ ቀን ወድቀህ ብትቀርብኝስ?» አለ። ቀጥሎም «እስከ ወሩ መጨረሻ ተቀምጠህ የምትሠራው ይፈለግልህ። ከዚያ በኋላ ግን ቃል አልገባም።»

ቫርኒሽ ቀቢው ወደ ጆሮው ጠጋ ብሎ፣ «ጋሼ፣ የበቅሎ ያልኩት እኮ...»

«ተወው።»

ቀኑን ሙሉ ተቀምጦ መሳቢያ በብርጭቆ ወረቀት ሲያለሰልስ ዋለ።

ቤት ሲገባ ልጅቷ በር ላይ ቆማ ቀበቶውን ከሸሚዙ በላይ አየችው።

«አባዬ፣ ዳነ?»

«አልዳነም። እኔ ነኝ እንዳይድን ያደረግሁት።»

ምን እንደሆነ አልገባትም። መጥታ አጠገቡ ተቀመጠች። ሚስቱ ኮላው ያደረቀውን ቦታ በመቀስ ቆርጣ ጥላ፣ ቀበቶውን ከቁራጭ ጨርቅ፣ ከመርፌና ከክር ጋር ጭኑ ላይ አስቀመጠችለት።

«ዛሬ አንተ ስፋው።»

ሰፋ። ጣቱን ሁለቴ ወጋው። ያ በዓይኑ በር የሚለካ ሰው ስፌቱ ተጣመመበት። ሚስቱ ከማዶ ሆና አየችው፤ አላረመችለትም።