ደሳለች ያልፈረመችበት ካርታ

ደሳለች ሾዴ ግትር ናት ይሏት ነበር። እንዲህ የሚሏት ደግሞ ስህተታቸውን ያሳየቻቸው ሰዎች ናቸው። ልክ ሆኖ መገኘት ግትርነት ከተባለ፣ አዎ፣ ግትር ነበረች። ሽሮ ሜዳ ተወልዳ፣ ከአባቷ የሽመና ዕቃ አጠገብ ቁጭ ብላ ፊደል ቆጥራ፣ አሥራ ሁለተኛን ጨርሳ በላቦራቶሪ ቴክኒሻንነት ሠለጠነችና በ1974 ዓ.ም. አንድ የመንግሥት ምርምር ጣቢያ ተቀጠረች። አባቷ አቶ ሾዴ ከጋሞ ደጋ የመጡ ሸማኔ ናቸው። የሰፈር ልጆች «የቁጢት በጣሽ ልጅ» እያሉ ሲሰድቧት ነው ያደገችው። የተሳዳቢዎቹ እናቶች ግን ለጥምቀት የሚለብሱትን ነጠላ የሚያሠሩት እዚያው አባቷ ዘንድ ነበር። ይህ ነገር በልጅነቷም ያንገበግባት ነበር፤ አድጋም አልለቀቃትም።

የክፍሏ ኃላፊ ዶክተር ጉልላት ይባላል። አንቱ ሊባል የሚገባው ሰው ነበር፤ በዚህ ታሪክ ውስጥ ግን አንቱታውን በገዛ እጁ ጥሎታል። ሰኞ ሰኞ በመሥሪያ ቤቱ የውይይት ክበብ ተነሥቶ ስለ ሠርቶ አደሩ ክብር ሲናገር አዳራሹ በጭብጨባ ይናጋል። ማክሰኞ ጠዋት ያው ሰው የራሱን ሠራተኛ «ነይ እስቲ፣ አንቺ ልጅ» ብሎ ይጠራታል። አራት ዓመት አብራው ስትሠራ ስሟን የጠራበት ቀን በጣት ይቆጠራል።

በ1978 ዓ.ም. ዶክተሩ ከውጭ አገር ሥልጠና ሲመለስ፣ ከከብት ቆሽት ስለሚወጣ አንድ ትንሽ ፕሮቲን በእጁ የገለበጠውን የቁጥር ዝርዝር ይዞ መጣ። ፕሮቲን ማለት አሚኖ አሲድ የሚባሉ ቅንጣቶች እንደ ዶቃ በአንድ ክር ላይ የተሰኩበት ሰንሰለት ነው። የዚህኛው ዶቃዎች ሃምሳ ስምንት ናቸው። ክሩ ታዲያ ተዘርግቶ አይቀመጥም፤ ይጠቀለላል፣ ይታጠፋል። ሲታጠፍ በክሩ ላይ የማይተዋወቁ ዶቃዎች ጎረቤት ይሆናሉ፤ አምስተኛው ከሃምሳ አምስተኛው ጋር ትከሻ ለትከሻ ይገጥማል። ማን ከማን ጋር እንደሚነካካ ያወቀ ሰው የፕሮቲኑን አስተጣጠፍ አወቀ ማለት ነው። ዝርዝሩ የእያንዳንዱን ዶቃ ቦታ በሦስት በሦስት ቁጥር ይናገራል። የደሳለች ሥራ የሁለት ሁለቱን ርቀት እያሰላች፣ አንግስትሮም በሚባለው ዓይን በማያየው ልኬት ከስምንት በታች የሆነውን ሁሉ አግድምም ቁልቁልም ከአንድ እስከ ሃምሳ ስምንት ቁጥር በተጻፈበት ባለ ካሬ ወረቀት ላይ በጥቁር ነጥብ እያመለከተች የፕሮቲኑን ካርታ መሥራት ነበር። በጣቢያው ኮምፒውተር የሚባል ነገር የለም። ያሉት አንድ ካልኩሌተርና ደሳለች ናቸው።

ጥንዶቹ አንድ ሺህ ስድስት መቶ ሃምሳ ሦስት ይሆናሉ። አምስተኛው ከሃምሳ አምስተኛው የሚርቀው፣ ሃምሳ አምስተኛው ከአምስተኛው የሚርቀውን ያህል ስለሆነ፣ የካርታውን ግማሽ አስልቶ ሌላውን ግማሽ መቅዳት ይበቃል። ደሳለች ግን አልቀዳችም። የላይኛውን ግማሽ ጨርሳ አጠፈችው፤ የታችኛውን እንደ አዲስ፣ የመጀመሪያውን ሳታይ፣ ከአንድ ጀምራ አሰላች። በአባቷ ቤት ነጠላ ሁለቱ ጫፎቹ ሳይደራረቡ፣ ጥለት ከጥለት ጋር ሳይገጥም ገበያ አይወጣም። እሷም ወረቀቱን ከማዕዘን ወደ ማዕዘን አጥፋ በመስኮቱ ብርሃን አየችው። ጓደኛው ላይ ያላረፈ ነጥብ ሁሉ የእጇ ስህተት ነው። አሥራ አንድ አገኘች፤ አሥራ አንዱንም መልሳ አሰልታ አረመች።

«ልብስ እያጠፍሽ ነው እንዴ?» አለ ዶክተሩ ሲያልፍ። «ይሄ እኮ ሽሮ ሜዳ አይደለም።»

የክፍሉ ሰዎች ሳቁ። ደሳለች ወረቀቱን በብርሃኑ ማየቷን ቀጠለች። ሦስት ወር ተኩል የፈጀ ሥራ ነበር፤ ከዚያ ሁሉ ሰው መካከል አንድም ቀን እርሳስ ያነሳላት አልነበረም።

አሁን ወረቀቱ ሲታጠፍ ነጥብ በነጥብ ላይ ቁጭ ይላል። አንድ ነገር ግን አላስተኛት አለ። ሠላሳ አራተኛውና ሠላሳ አምስተኛው ዶቃ በክሩ ላይ ጎን ለጎን የተሰኩ ናቸው፤ እንዲህ ያሉት ከአራት አንግስትሮም በላይ አይራራቁም። በዝርዝሩ መሠረት ግን ርቀታቸው አሥራ አንድ ሆነ። ሠላሳ ስድስተኛውም እንዲሁ ከሠላሳ አምስተኛው ሸሸ። ክሩ እዚያ ቦታ ላይ ተበጥሷል ማለት ነው። ሁለቴ አስልታ ሁለቴም ያው ስለመጣ ስህተቱ ከእጇ እንዳልሆነ አወቀች። የዶክተሩን ጽሑፍ አተኩራ አየች፤ ከሠላሳ አምስተኛው ሦስት ቁጥሮች አንዱ ሃያ አንድ ይላል። ሲገለበጥ አሃዞቹ ተቀያይረው፣ አሥራ ሁለት ቢሆንስ ብላ ሞከረችው። ጎረቤቶቹ ወዲያው ቦታቸውን ያዙ፤ ብቻውን ቀርቶ የነበረው ሠላሳ አምስተኛም በዙሪያው ስድስት ሰባት ነጥብ አፈራ።

ወረቀቶቿን ይዛ ቢሮው ገባች።

«ዶክተር፣ ሠላሳ አምስተኛው ላይ ቁጥር የተዛባ ይመስለኛል። ዋናውን ወረቀት ብናየው?»

«ዋናው እቤት ነው። ደግሞ የገለበጥኩት እኔ ነኝ።»

«እሱን ነው የምልዎት።»

ፊቱ ተለወጠ። «ስሚ፣ ጓዲት። አንቺ የተቀጠርሽው ለመደመርና ለመቀነስ ነው። ፕሮቲን እንዴት እንደሚታጠፍ የምታስተምሪኝ አንቺ ነሽ?»

«እኔ ምን አስተምርዎታለሁ? ጎን ለጎን የተሰካ እንዴት አሥራ አንድ ይርቃል ነው የምለው።»

«በቃ! ፈርሚና ውጪ።»

ከካርታው ግርጌ ሁለት መስመር ተጽፏል፤ «ያዘጋጀው ዶክተር ጉልላት» የሚል አንድ፣ «ስሌቱን ያረጋገጠችው ቴክኒሻን ደሳለች ሾዴ» የሚል ሌላ። ስሟ በሕትመት ሊወጣ ነው፤ የሚወጣው ግን ሐሰት መሆኑን በምታውቀው ነገር ላይ ነው። አልፈርምም አለች። ዶክተሩ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ ሥራ ማደናቀፍ አሻጥር እንደሚባል፣ አሻጥረኛም የት እንደሚገባ ታውቅ እንደሆነ ጠየቃት። በዚያ ዘመን ይህ ቃል የቀልድ ቃል አልነበረም። በዚህ ቃል ከቤቱ ተወስዶ ያልተመለሰ ሰው በየሰፈሩ ነበር። ለአንድ ቁጥር ሲል፣ የገዛ እጁን ስህተት ላለማየት ሲል፣ ይህን ቃል በሰው ልጅ ላይ መዘዘ!

ታይፒስቷ እትዬ የሺ ኮሪደር ላይ ያዘቻት። «አንቺ ልጅ፣ ፈርመሽ እንጀራሽን ብዪ። ስንቱ በባሰ ነገር ላይ ፈርሟል።»

«እትዬ የሺ፣ እኔ እንጀራዬን ጠልቼ ነው?» አለች ደሳለች፤ እንባዋ መጣ።

ቤቷ ገብታ ለአባቷ ነገረቻቸው። አቶ ሾዴ መወርወሪያቸውን አስቀምጠው እስከ መጨረሻው ሰሟት።

«ስህተቱን በዓይንሽ አይተሻል?»

«አይቻለሁ፣ አባ።»

«ታዲያ ምኑን ነው የምትጠይቂኝ?» አሉና ወደ ሥራቸው ተመለሱ።

በማግስቱ ያየችውን ሁሉ በአንድ ገጽ ማስታወሻ ጽፋ ለዶክተሩ አስገባች። በሦስተኛው ቀን ከዳር ላይ በቀይ እስክሪብቶ «ታይቷል፤ ይቀመጥ» ተብሎበት ተመለሰላት። ካርታው የእሷ መስመር ተሰርዞ፣ በዶክተሩ ስም ብቻ በጣቢያው ዓመታዊ መጽሔት ታተመ። ዶክተሩ ተጨበጨበለት፤ የዓመቱ ምስጉን ሠራተኛ የሚል የምስክር ወረቀትም ተሰጠው። እሷ ከኋላ ወንበር ተቀምጣ አላጨበጨበችም፤ ይህም ተመዘገበባት።

ስምንት ወር ሳይሞላ ከአንድ የውጭ አገር ምሁር ደብዳቤ መጣ። ጨዋ ደብዳቤ ነበር። በካርታዎ ላይ ሠላሳ አምስተኛው ቦታ ክሩ የተበጠሰ ይመስላል፣ ቁጥሩን ቢያዩት ይላል። ይኸው ነው። ዶክተሩ እቤት ያለውን ዋና ወረቀት ያን ጊዜ አወጣው። አሥራ ሁለት ነበር።

እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይባላል። የደሳለች እውነትም እያደር ጠራ፤ ሲጠራ ግን ጥፋቱ የእሷ ሆኖ ተገኘ። በሚቀጥለው መጽሔት መጨረሻ ገጽ ላይ አራት መስመር ማረሚያ ወጣ፦ «ባለፈው ዓመት በታተመው ካርታ በሠላሳ አምስተኛው ቦታ የታየው ግድፈት በቴክኒሻን ደሳለች ሾዴ የስሌት ስህተት የተፈጠረ መሆኑን እየገለጽን፣ የተስተካከለውን ካርታ ወደፊት እናወጣለን።» ሦስት ሺህ ሦስት መቶ ስድስት ጊዜ ያሰላች ሴት፣ ስሟ በሕትመት የወጣው ይህን ጊዜ ብቻ ነው። እትዬ የሺ ማረሚያውን በታይፕ ስትመታ እያዘነች እንደነበር ኋላ ነገረቻት። አዘነች እንጂ እጇ አልቆመም።

ደሳለች ገጹን ይዛ ቢሮው ገባች። ዶክተሩ ቀና ሳይል፣ የተስተካከለውን ካርታ ቶሎ እንድትሥል አዘዛት። ሥላ ካስቀመጠችው ዓመት እንዳለፈው ነግራው ጠረጴዛው ላይ ዘረጋችለት። አየው። እንከን አልነበረበትም። ለመፈረም ስታጎነብስ እጁን በወረቀቱ ላይ ጫነ።

«ይሄኛው ፊርማ አያስፈልገውም።»

«ለተሳሳተው ልታስፈርመኝ አሻጥረኛ ያልከኝ ሰውዬ፣ ለትክክሉ እጄን ትይዛለህ?»

አንተ ያለችው ያን ጊዜ ብቻ ነው። እጁን ሳያስበው አነሳ። ከጠረጴዛው ላይ የራሱን ብዕር አንሥታ የራሷንም የአባቷንም የአያቷንም ስም በማይለቅ ቀለም ጻፈችና ወጣች።

በወሩ ወደ ዕቃ ግምጃ ቤት ተዛወረች። መጽሔቱ በቀጣዩም ዓመት፣ ከዚያ በኋላም ወጣ፤ የተስተካከለው ካርታ ግን አልወጣም። ዶክተሩ ከስሟ ጋር ከሚያወጣው ቆልፎበት መቀመጥን መረጠ። ዛሬም ያን መጽሔት ለገለጠ ሰው፣ በሠላሳ አምስተኛው ቦታ ላይ የተሳሳተችው ደሳለች ሾዴ ናት።