የሻምበሉን ጾም ስይዝ

አስመራ ነፃ በወጣች በሳምንታት ውስጥ ነው። ቪላጆ ጀኒዮ ከሚባለው ሰፈር፣ ከቤቴ፣ ሁለት የሻዕቢያ ታጋዮች ይዘውኝ ሲሄዱ የማስበው ስለ ግርፋት ነበር። የእስር ክፍሉ በር ሲከፈት ግን መጀመሪያ ዓይኔን የሳበው የአንድ ሰው ሆድ ነው። በጦሩ ሆስፒታል የቀዶ ጥገና ክፍል ነርስ ነበርኩ፤ ከሰው ፊት በፊት ቁስሉን የማየት ክፉ ልማድ አለኝ።

ሰውየው የተማረኩ የሃምሳ ዓመት የደርግ ጦር ሻምበል ናቸው። አንጀታቸው ተጠማዞ ኦፕራሲዮን ከሆኑ ሳምንት ሆኗቸዋል። ስፌቱ ከላይ ሲታይ ያማረ ነው። ፋሻው ግን ሥጋ የታጠበበት ውሃ በመሰለ ፈሳሽ ርሷል። ከሥር ያለው ስፌት ለቋል ማለት ነው።

«ሻምበል፣ አደራ እንዳያስሉ» አልኳቸው።

«ሳል ትእዛዝ ይሰማል እንዴ?» አሉና ሳሉ።

ስፌቱ ተተረተረ፤ አንጀታቸው ብቅ አለ። በሩን ደበደብኩ። ጠባቂያችን በሜዳ ቁስለኛ ስታክም የኖረች ታጋይ ነበረች። ሳትደናገጥ ንጹሕ ጨርቅ ፈልቶ በቀዘቀዘ የጨው ውሃ ነክራ ሸፈነችው፤ ማኪና አስጠርታም ሆስፒታል ላከቻቸው።

በሳምንቱ እንደገና ተሰፍተው ተመለሱ። እኔን ግን «ለምን ለቀቀ?» የሚለው ነገር አላስቀምጥ አለኝ። ክሩ ነው? ሳሉ ነው? ታጋይዋን ጠየቅኳት።

«ኣይበልዕን እዩ፣ አይበላም» አለች። «ያልበላ ሰው ቁስሉ አይገጥምም፤ ሜዳ አይተናል። በየቀኑ እንቁላል አመጣለሁ፤ ለማን ነው የሚሰጠው?»

ለእኔ ነበር የሚሰጡት። እኔም ሳልጠይቅ እበላ ነበር። አፈርኩ።

«የሰኔ ጾም ነው» አሉ ሻምበሉ።

«ለታመመ ሰው ይፈቀዳል እኮ!»

«የነፍስ አባቴ ሲፈቅዱ ነዋ። እሳቸው ያሉት አዲስ አበባ።»

ዳግም ከተከፈተ እንደማይተርፉ አውቃለሁ። በዕድሜዬ አንድ ቀን ጾሜ አላውቅም፤ ግን እንዲህ አልኩ፦ «እንግዲያው ጾሙን ለእኔ ይስጡኝ። እርስዎ ይብሉ፣ እኔ እይዝልዎታለሁ።»

ትክ ብለው አዩኝ። «እንቁላል ትወዳለህ?»

«በጣም።»

«እንዲያ ከሆነስ ጾም ነው» አሉና እንቁላሉን ከእጄ ተቀበሉኝ።

ጾሙ ሲፈታ ቁስሉ ገጥሞ ነበር። ከጫፍ እስከ ጫፍ በጣቴ ዳስሼዋለሁ። በነሐሴ ወደ ሌላ ቦታ ወሰዷቸው፤ ከዚያ ወዲህ ወሬያቸውን አልሰማሁም።

እኔ ተፈታሁ፤ አሁን ጡረተኛ ነኝ። የሰኔ ጾም ሲገባ እጾማለሁ። ሚስቴ «አንተ ደግሞ ከመቼ ወዲህ ነው የመነንከው?» ትለኛለች። አልመነንኩም። ሻምበሉ በሕይወት ካሉ፣ ይብሉ ብዬ ነው።