በማይክሮስኮፕ ያየሁት ዓይን

ሊይዙኝ የመጡት በሥራ ሰዓት ነበር። አምቦ ውስጥ በአንድ የሰብል ጥበቃ ላቦራቶሪ እሠራ ነበር፤ ከየጎተራው የሚመጣውን እህል በስቴሪዮ ማይክሮስኮፕ እያየሁ ምን ዓይነት ነቀዝ እንደገባበት እለያለሁ። መሣሪያው በሁለት ዓይን ነው የሚታይበት። ማጉያውን ዙም ስታዞረው ነቀዙ ፊትህ ድረስ ይቀርባል። ከሥሩ እጅ የሚያሠራ ቦታ ስላለው፣ እያየህ በወረንጦ እግሩን መንቀል ትችላለህ።

ሁለት ሰዎች ገቡ። አንዱ እኔን ያዘኝ፣ ሌላው ማይክሮስኮፑን ከነመቆሚያው አቀፈው። በዚያ ሰሞን የመሥሪያ ቤት ማኅተም ያረፈበት፣ ሕዝቡን ለሰልፍ የሚጠራ ወረቀት ከተማው ውስጥ ተበትኖ ነበር። ማኅተሙ ሐሰተኛ ነው።

«እንዲህ ያለ ማኅተም በባዶ ዓይን አይቀረጽም» አለኝ ፖሊስ ጣቢያ የጠበቀኝ መርማሪ። «በዚህ ዕቃ ነው የቀረጽከው።»

«በዚህ አያለሁ እንጂ አልቀርጽም» አልኩት። «እጄም ለቅርጽ አይሆንም።»

የታሰርኩበት ክፍል ሲከፈት መጀመሪያ የተቀበለኝ የእርጥብ ብርድ ልብስ ሽታ ነበር። ግድግዳው ሥር አንድ ሽማግሌ ግራ ዓይናቸውን በመዳፋቸው ሸፍነው ተቀምጠዋል። ጎጆ ከምትባለው ብርዳማ ከተማ አጠገብ ገብስና ድንች የሚያርሱ ገበሬ ናቸው። እስረኞቹ ሁላችንም በኦሮምኛ የአክብሮት ጥሪ «ኦቦ» እንላቸው ነበር። ፖሊሶች ልጃቸውን ፈልገው ሲያጡት እሳቸውን ያዙ። በግርግሩ ፋኖሱ ተመትቶ ብርጭቆው ፊታቸው ላይ ተበተነ።

«ዓይኔ ውስጥ እሾህ አለ፣ ኢልመ ኮ» አሉኝ። ልጄ ማለታቸው ነው። ዓይናቸውን በጨፈኑ ቁጥር ትከሻቸው ይሸማቀቅ ነበር። ሐኪም ቤት ይውሰዷቸው ብለን ስንጠይቅ መልሱ ሁልጊዜ «ነገ» ነው። መግል መያዝ ሲጀምር ዓይኑ ሊጠፋ መሆኑን ሁላችንም አወቅን።

እንደገና ለምርመራ ስጠራ ማይክሮስኮፑ ጠረጴዛው ላይ ተቀምጧል፤ ወረንጦዎቼም አጠገቡ ናቸው።

«ሽማግሌውን ያምጧቸው» አልኩ። «በዚህ ልያቸው።»

መርማሪው ቀና ብሎ አየኝ። «ታወጣዋለህ?»

«እሞክራለሁ።»

ወዲያው ፈቀደ። ፈጥኖ ሲፈቅድ ነው ወጥመዱ የገባኝ። እጄ ለረቂቅ ሥራ አይሆንም ብያለሁ፤ አሁን ፊቱ ልሠራለት ነው። ግን ኦቦን በር ላይ ሳያቸው መመለስ አቃተኝ።

ፈልቶ የቀዘቀዘ ውኃ አስመጣሁና ወረንጦውን በክብሪት እሳት ለበለብኩት። የማይክሮስኮፑን ራስ አዙሬ ከጠረጴዛው ጠርዝ አሳለፍኩት፤ እንዳይወድቅ መቆሚያው ላይ ጡብ ጫንኩበት። ኦቦ ወንበር ላይ ራሳቸውን ወደ ኋላ ጥለው ከሌንሱ ሥር ሆኑ።

ነቀዝ እንጂ የሰው ዓይን በዚያ አይቼ አላውቅም ነበር። የደም ሥሮቹ እንደ ክረምት ጅረት ሞልተዋል። ከላይኛው ቆብ ሥር አንድ ስባሪ ያብለጨልጫል። ትንፋሼን ያዝኩ። ኦቦም ያዙ። ወረንጦው ስባሪውን ነክሶ ሲወጣ ቀስ ብለው «ዋቃዮ» አሉ፣ አምላኬ።

ሌላ ስባሪ ግን የዓይናቸው ጥቁሩ ላይ ገብቶ ነበር። እሱን ለመንካት አልደፈርኩም። «ይኼኛው ሐኪም ይፈልጋል» አልኩ።

መርማሪው ከጀርባዬ ቆሞ ነበር። «እጅህን አየሁት» አለኝ። ከዚያ ወደ ኦቦ ዞረ። «አባባ፣ እርስዎም አይተዋል። እጁ ለረቂቅ ሥራ እንደሚሆን ይመስክሩና ዛሬውኑ ሐኪም ቤት፣ ከዚያ ወደ ቤትዎ።»

ኦቦ ተነሡ። የካፖርታቸውን ቁልፎች አንድ በአንድ ቆለፉ።

«ጌታዬ፣ እኔ ዓይኔን ታምሜ ነው የመጣሁት። የታመመ ዓይን ምን ያያል?»

«ቀኙስ?»

«ቀኙን ጨፍኜው ነበር።»

መርማሪው ወደ ክፍላችን አስመለሰን።

«ኦቦ፣ ይለቁዎት ነበር እኮ» አልኳቸው።

«ልጄን ቢያጡ እኔን ያዙ። እኔ ደግሞ አንተን ሰጥቼ ልውጣ?» ቀጥለውም፣ «ለመሆኑ ያ ዕቃ የገብስ ሥርም ያያል? የኔን ገብስ የሆነ ነገር ከሥሩ እየበላ አስቸግሮኛል» አሉኝ። እስኪመሽ ድረስ ስለ ገብስ ስናወራ ቆየን።

ሐኪም ቤት የወሰዷቸው ከሳምንታት በኋላ ነው። ዘግይቶ ነበር። እሳቸውም ያለ ክስ ተለቀቁ፣ እኔም ከወራት በኋላ ያለ ክስ ወጣሁ። ላቦራቶሪው መልሶ አልቀጠረኝም። አሁን አምቦ ውስጥ ሞባይል እጠግናለሁ፤ የስልክ ቦርድ የሚታየው በዚያው ዓይነት ማይክሮስኮፕ ነው።

አንድ ጊዜ ጎጆ ድረስ ሄጄ ጠየቅኋቸው። የተቀቀለ ድንች ከሚጥሚጣ ጋር አቀረቡልኝ፤ ልጃቸው እንደተመለሰ ነገሩኝ። ግራ ዓይናቸው ብርሃን እንጂ ሰው አይለይም። በቀኛቸው በኩል አስቀመጡኝ። ስለ እስር ቤቱ አንድ ቃል አላነሡም።

ዛሬ እሳቸው የሉም። አንዳንድ ቀን ሥራ ላይ ሳለሁ እጄን አቆምና፣ ያን ቀን እኔ በሳቸው ቦታ ብሆን ምን እል ነበር ብዬ ራሴን እጠይቃለሁ። እስካሁን እርግጠኛ ሆኜ አላውቅም።